ግልጽ ደብዳቤ፦ የ1940ው የአየር ውጊያ መታሰቢያ ዳንቴሎች ያሉበት ይነገረን

ለከተማው አስተዳደር የቅርስና የሙዚየሞች ክፍል ኃላፊዎች፤ እንዲሁም ከጦርነቱ በኋላ የዳንቴል ፓነል (ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰፊ ዳንቴል) በስጦታ ለተቀበሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ የአየር ኃይል ማኅበራትና የሕዝብ ተቋማት በሙሉ

ክቡራንና ክቡራት፣

ባለፈው መጋቢት ከጽሕፈት ቤታችሁ የደረሰን መልስ አራት መስመር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለከተማችሁ በስጦታ የተሰጠው የመታሰቢያ ዳንቴል በአሁኑ የንብረት መዝገብ ላይ ስላልተገኘ ፍለጋው መቆሙንና ጥያቄያችን መዘጋቱን ይገልጻል። መልሱን የጻፈው ባልደረባ የታዘዘውን እንደፈጸመ እንረዳለን፤ ቅሬታችን በእርሱ ላይ አይደለም። ያሳዘነን፣ ርዝመቱ አራት ሜትር ተኩል የሚሆን፣ ዳግመኛ ሊሠራ የማይችል ሥራ ከሕዝብ ንብረት መካከል ሲጠፋ፣ መቼ እንደጠፋ፣ በማን እጅ እንደነበረና ከየትኛው ክፍል እንደወጣ ሳይጠየቅ ፋይሉ መዘጋቱ ነው። ተመሳሳይ መልስ የሰጡን ተቋማት ከአንድ በላይ ስለሆኑ፣ እኛም ማንንም በአደባባይ ማሳፈር ስለማንሻ፣ የከተማውንም ሆነ የሌሎቹን ስም በዚህ ደብዳቤ አንጠቅስም። በደብዳቤው ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኛ በእንግሊዝ አገር በምትገኘው በኖቲንግሃምና በአካባቢዋ የምንኖር ዘጠኝ ሰዎች ነን። አምስታችን በዳንቴል ፋብሪካ ሠርተናል፤ ሁለቱ በውጊያው የተካፈሉ አብራሪዎች ቤተሰቦች ናቸው፤ አንዷ ያረጀ ጨርቅ በመጠገን የምትተዳደር ባለሙያ ስትሆን፣ አንዱ ደግሞ ጡረታ የወጣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። ይህን የምጽፈው የቡድኑ ጸሐፊ ከኢትዮጵያ ወደዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት በዳንቴል ጠጋኝነት ሠርቻለሁ። ሥራችን ከማሽኑ የወጣውን ዳንቴል መዳፋችን ላይ ዘርግተን በብርሃን እያሳለፍን፣ ማሽኑ የዘለለውን ክር በመርፌ መመለስ ነበር። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ለእናንተ ተልኳል፤ በአማርኛም ለምን እንዳወጣነው ወደ በኋላ እናነሣለን።

ዳንቴል ሲባል የአማርኛ አንባቢ አስቀድሞ የሚያስበው እናቶቻችን በኪሮሽ ሠርተው ሶፋና ቴሌቪዥን የሚያለብሱበትን ስለሆነ፣ የምንፈልገው ነገር ምን እንደሆነ በቅድሚያ መግለጽ ይገባናል። በ1940 ከጁላይ 10 እስከ ኦክቶበር 31 ድረስ የብሪታንያ አየር ኃይል ከጀርመን አየር ኃይል ጋር በእንግሊዝ ሰማይ ላይ ተዋጋ። በውጊያው የተሰለፉት የበረራ አባላት ወደ 3,000 የሚጠጉ ሲሆኑ 544ቱ በእነዚያ ወራት ውስጥ ሞተዋል። ሁሉም እንግሊዛውያን አልነበሩም፤ 145 ከፖላንድ፣ 127 ከኒውዚላንድ፣ ሌሎችም ከካናዳ፣ ከቼኮዝሎቫኪያ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከቤልጂየምና ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ነበሩ። ዶብሰንስ ኤንድ ኤም. ብራውን የተባለው የኖቲንግሃም የዳንቴል ፋብሪካ፣ በጦርነቱ ዘመን የከተማው ማሽኖች የወባ ትንኝ መከላከያና የመደበቂያ መረብ ሲሠሩ በነበረበት ጊዜ፣ ለእነዚህ ሰዎች መታሰቢያ የሚሆን ትልቅ የዳንቴል ፓነል ለመሥራት ወሰነ። ሥራው ከ1942 እስከ 1946 ባለው ጊዜ ተከናወነ።

ንድፉን ያወጣው ሃሪ ክሮስ የተባለ ባለሙያ ሲሆን ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ከእርሱ ቀጥሎ ጄ. ደብልዩ. ሄሮድና ደብልዩ. አር. ጃክሰን ንድፉን ማሽኑ ወደሚያውቀው የካሬ ወረቀት ለመገልበጥ 15 ወር ደክመዋል። ይህን ሥራ ያላየ ሰው ድካሙን በቀላሉ አይገምተውም። በወረቀቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ትንሽ ካሬ የአንድ ክር እጣ ነው፤ በቀለም የተሞላው ካሬ ክሩ የሚጠጋጋበትን፣ ባዶው ደግሞ የሚሳሳበትን ቦታ ያዛል። ከዚያ ወረቀቱ እየታየ ጃካርድ የሚባሉት ካርዶች አንድ በአንድ ይበሳሉ፤ ማሽኑ ክሮቹን የሚያንቀሳቅሰው በቀዳዳዎቹ ትእዛዝ ነው። ለዚህ ፓነል ወደ 40,000 ካርድ ተበስቷል፤ 4,200 ክር በማሽኑ ላይ ተወጥሯል፤ አንዱን ፓነል ሠርቶ ለመጨረስም አንድ ሳምንት ይወስድ ነበር። በፓነሉ ላይ ቀለም የለም። በእሳትና በጭስ የተከበበው የሴንት ፖል ካቴድራል፣ በቦምብ የፈረሱት የለንደን ሕንፃዎች፣ ስፒትፋየርና ሀሪኬን የተባሉት ተዋጊ አውሮፕላኖች፣ ውጊያው በመከር ወራት ስለነበር የተጨመሩት የስንዴ ዛላዎች፣ ከግርጌም የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ኦገስት 20 ቀን 1940 ስለ አብራሪዎቹ የተናገረው ዝነኛ ቃል፣ ሁሉም የሚታዩት ክሩ በተጠጋጋበትና በሳሳበት ልዩነት ብቻ ነው። ጭሱን በቅርብ ስታዩት መረብ ነው፤ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ስትሉ ይጨሳል።

ሥራው ሲያበቃ ካርዶቹ እንዲወገዱ ተደርጓል። ስለዚህ ማሽን ቢገኝ፣ ክር ቢገኝ፣ እኛን የመሰሉ እጆች ቢገኙ እንኳ ሌላ አንድ ፓነል መሥራት አይቻልም። ፓነሎቹ ለሽያጭ አልቀረቡም፤ ለንጉሥ ጊዮርጊስ 6ኛ፣ ለዊንስተን ቸርችል፣ ለዌስትሚኒስተር አቢ፣ ለለንደንና ለኖቲንግሃም ከተሞች፣ በውጊያው ለተካፈሉ አገሮች አየር ኃይሎችና ለሌሎች ተቋማት በስጦታ ተበትነዋል። በጠቅላላው ስንት እንደተሠሩ ስንጠይቅ አንዱ ጽሑፍ 30፣ ሌላው 38 ይለናል። ስምንት ፓነል ማለት ስምንት ሳምንት የማሽን ሥራ ነው፤ ከአንድ ቤት ግድግዳ ሰፍቶ የሚተርፍ ዳንቴል ነው። ይህን ያህል ልዩነት እስከ ዛሬ ሳይፈታ መቆየቱ ማንም ተቀምጦ እንዳልቆጠራቸው ያሳያል። ጥቂቶቹ ያሉበት ይታወቃል፤ ለምሳሌ በለንደን ሄንደን ያለው የአየር ኃይል ሙዚየም፣ በሆኪንጅ ያለው የኬንት ሙዚየምና በካንቤራ ያለው የአውስትራሊያ የጦርነት መታሰቢያ ፓነል አላቸው። የሌሎቹን ያሉበት ለማወቅ ነው በየተቋሙ ስንጽፍና ስናንኳኳ የቆየነው። በዚህ መንገድ ላይ የገጠመንን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ፍለጋ የተባለው ነገር የተደረገበትን መንገድ ይመለከታል። ከእናንተ ዘንድ እንደተረዳነው፣ ፍለጋው አንድ ቃል በኮምፒዩተር መዝገብ ላይ ጽፎ ውጤቱን ማየት ነበር፤ ቃሉም "ዳንቴል" የሚለው ነው። ነገር ግን ይህ ፓነል የተሠራው የመስኮት መጋረጃ በሚሠራ የዳንቴል ማሽን ላይ ነው፤ ከመጋረጃም ጋር ስለሚመሳሰል ንብረት ቆጣሪ "መጋረጃ" ብሎ ሊጽፈው ይችላል። በሌላ ከተማ ያለ አንድ ተቋም "የለንም" ካለን ከሁለት ዓመት በኋላ ፓነሉን ያገኘው "ባንዲራዎችና የጠረጴዛ ልብሶች" የሚል ጽሑፍ ካለበት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ያገኘውም ፈልጎ ሳይሆን ጣሪያው አፍስሶ ሣጥኖቹ ሲነሡ ነው። ከቡድናችን አባላት አንደኛው በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ወደ ከተማችሁ ማዘጋጃ ቤት መጥቶ ፓነሉን በደረጃው ራስጌ ተሰቅሎ እንዳየው ያስታውሳል፤ አባቱ ቆሞ ኮፍያውን ማውለቁንም አልረሳም። ይህን በጽሑፍ አቅርበንላችሁ ነበር። መልሱ ላይ ግን አልተጠቀሰም።

ሁለተኛው በእጅ ላይ ያሉት የሚያዙበት ሁኔታ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንድንቆይ ይፈቀድልን። ባለፈው ዓመት አንድ ቤተ ክርስቲያን በደግነት ጋብዞን ፓነሉን እንድናይ ዕቃ ቤቱን ከፈተልን። ሣጥኑ የካርቶን ነው፤ ከማሞቂያው ቧንቧ ሥር ተቀምጧል። ፓነሉ ለስምንት ታጥፎ በቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። ወረቀቱ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰባበራል፤ ከሥሩ ያለው ክር ደግሞ ወረቀቱ በነካው በኩል ሁሉ ቡናማ ሆኗል። በንጹሕ አንሶላ ላይ ቀስ ብለን ዘረጋነው። አንዱ እጥፋት በቀጥታ በሴንት ፖል ጉልላት ላይ ያልፋል። እጄን ከሥሩ አስገብቼ በመስኮቱ ብርሃን ሳየው፣ ድሮ በፋብሪካው እንደማደርገው፣ በዚያ አንድ መስመር ላይ ብቻ አሥራ አንድ የተቆረጡ ክሮች ቆጠርሁ። ማሽን የዘለለው ክር ጫፉ ንጹሕ ነው፤ በእጥፋት የተሰበረ ክር ግን ጫፉ ላይ ይሰነጣጠቃል፣ ሲነኩት ይራገፋል። በአንዱ ማዕዘን በኩል ደግሞ አንድ ጊዜ በስፒል ተይዞ ስለነበር የዝገት ክብ ጨርቁን በልቶ ቀዳዳ ትቷል። ያልታጠፈበት ቦታ ግን ዛሬ ከማሽን የወረደ ይመስላል፤ የስንዴው ዛላ እያንዳንዱ ፍሬ ይታያል። የቤተ ክርስቲያኑ ካህን ሲያዩት ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በማግስቱ ጨርቁ በካርቶን ቱቦ ላይ እንዲጠቀለል አደረጉ። በዚያች ሰበካ ጉዳዩ የተፈታው በአንድ ጠዋት ነው፤ ገንዘብም አልጠየቀም። በሌላ ቦታ ያየነው ፓነል ደግሞ አልታጠፈም፣ ተሰቅሏል፤ የተሰቀለው ግን ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት ትይዩ ነው። ጥጥ ፀሐይ ሲያገኘው በመጀመሪያ ወደ ቢጫነት ያደላል፣ ቀጥሎ ይደርቃል፣ በመጨረሻ በራሱ ክብደት ይቀደዳል። ይህን ለተቋሙ ስንጽፍ "ጎብኚዎች በደንብ እንዲያዩት ነው" የሚል መልስ አገኘን።

ሦስተኛው ቅሬታችን ለአንዳንዶች ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለእኛ ግን ትንሽ አይደለም። በሁለት ቦታ ከፓነሉ ጎን ባለው ጽሑፍ ላይ "በኖቲንግሃም ሴቶች በእጅ የተጠለፈ" የሚል አንብበናል። በእጅ አልተጠለፈም። ሃሪ ክሮስ ሁለት ዓመት፣ ሄሮድና ጃክሰን 15 ወር የደከሙበት፣ ካርድ በሺዎች የበሱ፣ ማሽኑን ሌት ተቀን ያስኬዱ ወንዶችና በመጨረሻ በመርፌ የጠገኑ ሴቶች የተሳተፉበት የማሽን ሥራ ነው። የእጅ ሥራ ማለት ክብር መጨመር የሚመስላቸው አሉ፤ የተሳሳተ ክብር ግን የሠራተኞቹን ስም ያጠፋል። ሦስቱን ስሞች በሁለት መስመር መጻፍ ይቻላል፤ ሁለቱም ተቋማት ስንጠይቃቸው ጽሑፉ "በሚቀጥለው እድሳት ላይ" ይታያል ብለውናል፤ እድሳቱ መቼ እንደሆነ አልተነገረንም።

አራተኛው ሽያጭን ይመለከታል። ቢያንስ አንድ ፓነል፣ የቀድሞ የአየር ኃይል አባላት ክበብ ሲዘጋ ከወንበሮቹና ከስዕሎቹ ጋር ተቆጥሮ በጨረታ ወጥቷል። አጫራቹ የገዢውን ስም ሊሰጠን አልቻለም፤ ሕጉም እንደማያስገድደው እናውቃለን። እኛ የጠየቅነው የገዢውን ስም አልነበረም። ደብዳቤያችንን ለገዢው እንዲያስተላልፍልን ብቻ ለምነን ነበር፤ ይህም አልተደረገም። በስጦታ የተገኘ የሕዝብ መታሰቢያ እንደ ተራ የቤት ዕቃ ከመሸጡ በፊት በአቅራቢያው ላለ ሙዚየም እንኳ ሳይነገር መቅረቱን ልንለምደው አንችልም።

አሁን ወደ አማርኛው እንመለስ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምናወጣው በብሪታንያ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የአሮጌ ሕንፃዎችን ቁልፍ የያዙ ሰዎች በመሆናቸው ነው። በማዘጋጃ ቤቶች፣ በሆስፒታሎች፣ በክበቦችና በዩኒቨርሲቲዎች በጥበቃና በጽዳት ይሠራሉ፤ ምእመናኖቻችንም በየከተማው አሮጌ የአንግሊካን አብያተ ክርስቲያናትን ተከራይተው ወይም ገዝተው ይቀድሳሉ። ኃላፊው ገብቶ የማያውቅበትን ምድር ቤት ጽዳት ሠራተኛዋ ታውቀዋለች። እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚበልጥ፣ ርዝመቱ አራት ሜትር ተኩል የሚሆን፣ ነጭ ወይም ወደ ክሬም ያደላ ዳንቴል፣ ጉልላት ያለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያንና አውሮፕላኖች የሚታዩበት፣ ተጠቅልሎ ወይም ታጥፎ ወይም በመስታወት ውስጥ ካያችሁ፣ እባካችሁ አትጠቡት፤ ካውያም አታስነኩት፤ ለማሳየት ብላችሁም በሁለት ጫፍ ይዛችሁ አትወጥሩት። ባለበት ሆኖ ፎቶ አንሱት፣ ለሕንፃው ኃላፊ በጽሑፍ አሳውቁ፣ የጻፋችሁበትንም ቀን ያዙ። ከተከራያችሁት ሕንፃ ውስጥ ከተገኘ ንብረቱ የባለቤቱ ነውና ሳትነኩ አስረክቡ፤ የርክክብ ወረቀት ግን ይኑራችሁ።

ክቡራንና ክቡራት፣ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

በመጀመሪያ፣ የተዘጋው ፋይል እንደገና ተከፍቶ ፍለጋው በመጋዘን ውስጥ በአካል ይደረግ፤ መዝገቡም "መጋረጃ"፣ "ባንዲራ"፣ "የግድግዳ ጌጥ"፣ "የጠረጴዛ ልብስ" በሚሉት ስሞች ጭምር ይታይ። አዲሱ የኮምፒዩተር መዝገብ ከመዘጋጀቱ በፊት የነበሩት የእጅ መዝገቦችና ከጦርነቱ ማብቂያ በኋላ ባሉት ዓመታት የተጻፉት የምክር ቤት ቃለ ጉባኤዎች ለእኛ ይፈቀዱልን፤ የማንበቡን ሥራ እኛው በነፃ እንሠራለን፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያችንም ለዚህ ዝግጁ ነው።

ሁለተኛ፣ ፓነል ያላችሁ ተቋማት ሁሉ መጠኑን፣ ያለበትን ሁኔታ፣ መቼና ከማን እንደተረከባችሁት የሚገልጽ አንድ ገጽና አንድ ፎቶ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። እነዚህን ሰብስበን አንድ የጋራ መዝገብ እናዘጋጃለን፤ መዝገቡ ግን በእኛ እጅ እንዲቀር አንፈልግም፤ ፈቃደኛ የሆነ የሕዝብ ሙዚየም ተረክቦ ለማንኛውም ሰው ክፍት አድርጎ እንዲይዘው እንሻለን። ፓነል ኖሯችሁ አሁን የሌላችሁም ብትሆኑ "ነበረን፣ የለንም" የሚል መልስ ይጠቅመናል፤ ያንን የጻፈልን ተቋም አመስግነን እንቀበለዋለን።

ሦስተኛ፣ የታጠፉት ከእጥፋታቸው ተፈትተው አሲድ በሌለበት ወረቀት በተሸፈነ ወፍራም ቱቦ ላይ ይጠቅለሉ፤ የተሰቀሉትም ከመስኮት ይራቁ፤ የሚበራላቸው ብርሃን ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ ይደረግ። ጠጋኝ ባለሙያችን ባላችሁበት መጥታ ታሳያችኋለች፤ የመጓጓዣውን ወጪ ቡድናችን ይሸፍናል። የተሰበሩት ክሮች ግን በማንም ሰው፣ በእኔም ጭምር፣ ባለሙያ ሳይወስን እንዳይነኩ አደራ እንላለን።

አራተኛ፣ ከፓነሉ ጎን ባለው ጽሑፍ ላይ የሃሪ ክሮስ፣ የሄሮድና የጃክሰን ስም ይጻፍ፤ የማሽን ሥራ መሆኑም ይገለጽ። ማንኛውም ፓነል ለሽያጭ ወይም ለዝውውር ከመቅረቡ በፊት ደግሞ ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም ብሎ በይፋ ይነገር።

ከእናንተ መልስ የምንጠብቀው በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ነው። መልሱ እንደደረሰን፣ አዎንታዊም ሆነ አሉታዊ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ እናወጣዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የመታሰቢያ ዳንቴሎችን የሚከታተለው የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ጸሐፊ፣
የቀድሞ የዳንቴል ጠጋኝ፣ ኖቲንግሃም